ከገዳሪፍ ወደ ሜሮዌ አሸዋ፤ ቤተ ሰብን ይዞ ወደ በረሓ ስለ መጓዝ

ወደ በረሓ ስለሚደረግ ጉዞ የሚጻፈው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሃ፣ ስለ ኦቶሞቢልና ስለ ፀሐይ ሐሩር ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ስለ ሆነ እኛም ከዚህ በታች ሳናነሣው አናልፍም። ነገር ግን በ2015 ዓ. ም. በጥር ወር ቤተ ሰቤን ይዤ ከገዳሪፍ ተነሥቼ በሜሮዌ ያለውን የአሸዋ ክምር ለማየት በተሰናዳሁ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ውሃውም መንገዱም አልነበረም። ያስቸገረኝ የባለቤቴ እናት፣ የ68 ዓመት አረጋዊት፣ «እኔ አልሄድም» ማለታቸው ነበር። እሳቸውን ለ5 ቀን ብቻቸውን በቤት ትቶ መሄድ የማይገባ ነገር ነው፤ ለልጆቹም «ጉዞው ቀርቷል» ብሎ መንገር ከዚያ የሚብስ ሆነብኝ።

ገዳሪፍን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከተማዋ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከመተማና ከገላባት ድንበር ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የኑሮዋ መሠረት ማሽላና ሰሊጥ ናቸው፤ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻም በዚያ አካባቢ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ገደማ ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ የሰው እግር እስኪገባበት ድረስ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ሲርስ ከጫማ ጋር ተጣብቆ አልለቅ ይላል፤ የጭነት መኪና የያዘ እንደ ሆነም ሾፌሩ መሬቱ እስኪጠፍ ድረስ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ብልሃት የለውም። በዚያ አገር ያደጉ ልጆች መሬት ሲባል የሚያውቁት ጭቃና ስንጥቅ ነው። ሴቷ ልጄ 9 ዓመት፣ ወንዱ 6 ዓመት ሲሞላቸው ንጹሕ አሸዋ ያዩት ለቤት መሥሪያ በሰው ደጃፍ ተቈልሎ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ልጅቱ በትምህርት መጽሐፏ ላይ ያገኘችውን ሥዕል አምጥታ አሳየችኝ። በሥዕሉ ላይ ሹል ሹል የሆኑ የድንጋይ ሕንጻዎች እስከ ወገባቸው ድረስ በአሸዋ ተውጠው ይታያሉ። «አባዬ፣ ይህ አገር ከእኛ ቤት ሩቅ ነው?» አለችኝ። እኔም በችኰላ «እምብዛም ሩቅ አይደለም፤ ጥር ሲመጣ አሳይሻለሁ» አልኋት። አባት የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለልጅ የተነገረ ቀን እንደ ተፈረመ ውል ይቈጠራል።

በእርግጥ ከዚያ የቀረቡ የመዝናኛ ስፍራዎች አልታጡም። በሰሜን በኩል 200 ኪሎ ሜትር ከመንገድ አለፍ ብሎ የከሰላ ከተማ አለ፤ ሙሽሮች ከየአገሩ እየመጡ በተራቈቱት የድንጋይ ተራሮች ግርጌ ቡና ይጠጡበታል። በደቡብ በኩል ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 የተከለለው የዲንደር የአራዊት ክልል አለ፤ ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው በእኛ በኩል ያለው የአላጥሽ ፓርክ ነው። ዲንደር በክረምት መንገዱ በጭቃ ስለሚዘጋ የሚጐበኘው በበጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሣርና ዛፍ፣ ሚዳቋና ወፍ ናቸው፤ ከሰላም ተራራ ነው። ልጄ የጠየቀችኝ አሸዋ ነበር።

ሜሮዌ ከካርቱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሸንዲ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ከዓባይ ወንዝ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ጥንታዊ ስፍራ ነው። የኩሽ ነገሥታትና ንግሥታት የተቀበሩባቸው ፒራሚዶች በዚያ ይገኛሉ። ከግብፆቹ ያነሡ ናቸው፤ ትልልቆቹ እንኳ ቁመታቸው 30 ሜትር ቢደርስ ነው፤ ጐናቸው ግን ይበልጥ ቀጥ ያለና ሹል ነው። ብዙዎቹ ጫፋቸው ፈርሷል፤ በዚህም ነገር ጁሴፔ ፌርሊኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም ስሙ በክፉ ይነሣል፤ በ1834 ወርቅ ፍለጋ መጥቶ መቃብሮቹን አፍርሷልና። ከንግሥት አማኒሻኬቶ መቃብር ያገኘው ጌጣጌጥ ዛሬ በበርሊንና በሙኒክ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ይታያል። ስፍራው በ2011 ከናቃና ከሙሰወራት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ስፍራ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ ተከዜን ተሻግሮ ኖባንና ካሱን እንደ ወጋ ይናገራል፤ በሜሮዌም የአክሱም ንጉሥ ያስጻፈው የግሪክኛ ጽሑፍ ስባሪ ተገኝቷል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ደግሞ በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰችውን ንግሥት ህንደኬን ያስታውሳል፤ ሊቃውንት ይህ ስም የሜሮዌ ንግሥታት የማዕርግ መጠሪያ እንደ ነበረ ያስረዳሉ። የጥንት ጸሐፊዎች ዓባይና አትባራ የከበቡትን ምድር «የሜሮዌ ደሴት» ይሉት ነበር፤ ዛሬ ቡታና ይባላል። ገዳሪፍ ያለችው በዚሁ ምድር በደቡብ ጫፍ ስለ ሆነ፣ ለልጆቼ «እኛም የደሴቱ ሰዎች ነን» እያልሁ አስቃቸው ነበር።

እዚህ ላይ አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ላሳስብ። አማርኛ «አሸዋ» የሚለውን ግዕዝ «ኆጻ» ይለዋል፤ በትግርኛም «ሑጻ» እንለዋለን። ነፋስ ለሚከምረው የአሸዋ ጕብታ ግን የተለመደ አንድ ቃል የለንም፤ «የአሸዋ ክምር» ወይም «የአሸዋ ኮረብታ» እያልን እንናገራለን። ኮረብታ ሲባል ባለበት የሚኖር ነገር ይመስላል፤ የአሸዋ ክምር ግን ይሄዳል። ነፋሱ የአሸዋውን ቅንጣት እያነሣ በአጭር በአጭሩ ያዘልለዋል፤ ቅንጣቷ በወደቀች ጊዜ ሌሎችን መትታ ታስነሣለች። እንዲህ እየሆነ አሸዋው በነፋሱ በኩል ባለው ለዘብተኛ አቀበት ይወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ በማዶው ቁልቁለት ይንሸራተታል። ደረቅ አሸዋ ከ34 ዲግሪ ያህል በላይ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም፤ ስለዚህ ያ ቁልቁለት ልክ በመሣሪያ የተለካ ይመስላል። ክምሩ ከኋላው እየጐደለ ከፊቱ እየሞላ ወደ ፊት ይጓዛል። በዚህም አካሄድ ነው የሜሮዌን መቃብሮች የወረሳቸው፤ የፒራሚዱንም ድንጋይ እንደ ወረቀት ሞረድ እየፋቀ ያሳሳው ይኸው የሚዘልለው አሸዋ ነው።

ከዚህ ለወላጆች የሚጠቅም አንድ ነገር ይገኛል። በነፋስ የሚሄደው አሸዋ አብዛኛው ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ከአዋቂ ሰው ጕልበት በታች ያልፋል። አባትና እናት ቆመው «ነፋሱ ምንም አይል» ሲሉ፣ የ6 ዓመት ልጅ ዐይኑና አፉ ለአሸዋው ቅርብ ስለ ሆነ እርሱ ዋጋውን ይከፍላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ልጄ ዐይኑን ማሸት ከጀመረ በኋላ ነው።

ስለ ስሙም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሱዳን ውስጥ ሁለት ሜሮዌ አለ። አንዱ ፒራሚዱና አሸዋው ያለበት፣ የአገሩ ሰው በጀራዊያ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከዚያ በጣም ርቆ በሰሜን፣ ትልቁ የኤሌክትሪክ ግድብ የተሠራበት ከተማ ነው። መጀመሪያ የተነጋገርሁት ባለመኪና ዋጋውን የነገረኝ ለሁለተኛው ኖሮ እጥፍ ሆኖ ሳገኘው ተቈጥቼ ነበር፤ ሰውየው ግን አልዋሸም። «በጀራዊያ» ብዬ ስነግረው ዋጋው ወረደ፤ እርሱም ሳቀ።

ወደ አማቴ እመለሳለሁ።

እኔ ነገሩን በዕውቀት የማሳምን መስሎኝ አንድ ማታ ካርታ ዘርግቼ ብዙ አስረዳሁ። ተከዜ ከእኛ አገር ወርዶ በሱዳን ሰቲት እንደሚባል፣ ከዚያም ወደ አትባራ እንደሚገባ፣ አትባራም ከሜሮዌ በስተ ሰሜን ከዓባይ ጋር እንደሚገናኝ፣ ስለዚህ ጉዞው የአገራቸውን ውሃ የመከተል ያህል እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ታዲያ ልጄ፣ ውሃው ከደረሰልን እኔ ደግሞ ለምን እሄዳለሁ?» አሉኝ። ባለቤቴ ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ እኔም ካርታዬን አጠፍሁ።

እውነተኛውን ምክንያት በማግሥቱ ለባለቤቴ ነገሯት። አማቴ በ2013 ዓ. ም. በኅዳር ወር፣ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ፣ ከሑመራ አጠገብ ካለው መንደራቸው በእግር ወጥተው ተከዜን ተሻግረው ሐምዳይት ከደረሱት ብዙ ሺህ ሰዎች አንዲቱ ነበሩ። ከዚያም ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ ተወስደው፣ ኋላ እኛ ዘንድ እስኪመጡ ድረስ በዚያ ቈይተዋል። «ጥላ የሌለበትን ሜዳ እኔ በእግሬ አይቼዋለሁ» አሏት፤ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ወደዚያ ይመለሳል? ውሃውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር፤ መቼ እንደምንደርስ የሚነግረን አልነበረም፤ ማታ የት እንደምናድር አናውቅም ነበር። እናንተ መዝናናት የምትሉት ለእኔ ያ ነው።»

ባለቤቴ መምህርት ስለ ሆነች ነገርን በትዕግሥት መስማት ታውቃለች። እናትዋን ልታባብል አልሞከረችም። ወደ እኔ መጥታ «እማዬ የተናገረችውን ልብ አድርገህ ከሰማኸው የመሰናዶው ዝርዝር በውስጡ አለ» አለችኝ። እኔ በመሥሪያ ቤት ልማድ ስለ ቤንዚን፣ ስለ ጐማና ስለ ይለፍ ወረቀት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ ስለ ማታ ማደሪያ ግን «እንደ ሁኔታው» ብዬ አልፌዋለሁ። ይህች «እንደ ሁኔታው» የምትባል ቃል ለጠና ወንድ ቀላል ናት፤ ለሕፃንና ለአረጋዊ ግን ከሐሩሩ የከፋች ናት።

ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ገና ጻፍነው። በአንድ ቀን ከ6 ሰዓት በላይ በመኪና ላለመሄድ ቈረጥን። ከገዳሪፍ በዋድ መዳኒ በኩል እስከ ካርቱም 400 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ይህ የመጀመሪያው ቀን ሆነ፤ ማደሪያውም በዘመድ ቤት። ሁለተኛው ቀን ከካርቱም እስከ ሸንዲ፤ በዚያም የምናድርበት ቤት አስቀድሞ በስልክ ተያዘ። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አሸዋው ዘንድ ደርሰን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እንመለሳለን ተባለ። በቡታና በኩል የሚያቋርጥ የሚያጥር መንገድ አለ ያሉኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ጥርጊያ ስለ ሆነና መኪና ቢበላሽ ሰው የማይገኝበት ስለ ሆነ፣ በቤተ ሰብ መኪና የሚደፈር አይደለም ብዬ ተውሁት።

የውሃውም ኀላፊነት በአማቴ እጅ እንዲሆን ባለቤቴ ወሰነች። ይህ ነገር እኔ ከማስበው በላይ ሠራ። አረጋዊቷ «ስንት ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁ። በበረሓ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያህል ቢያዝ መልካም ነው፤ እኛ ከሾፌሩ ጋር 6 ነን፤ ለሁለት ቀን 60 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን። አማቴ «አራት» አሉ። የመኪና ቦታ እንደሚያጣብብ ባመለክትም አልሰሙኝም፤ አራተኛው ጀሪካን በእግራቸው ሥር ተቀመጠ፤ እግራቸውንም በላዩ ላይ አሳርፈው 600 ኪሎ ሜትር ተጓዙ።

ስለ ወራቱ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። በጥር ወር በሸንዲ አካባቢ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ወደ 15 ይወርዳል፤ ነጠላ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌሊት ይጸጸታል። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ሐሩሩ ከ40 ያልፋል፤ በእኩለ ቀን የአሸዋው ፊት እስከ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊግል ስለሚችል ባዶ እግር ያቃጥላል። ከግንቦት በኋላ ደግሞ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ይነሣል፤ እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ያን ጊዜ መኪናን ከመንገድ አውጥቶ አቁሞ፣ መስኮት ዘግቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

«ስንቅ» እና «ቀለብ» የሚሉት ቃላት አንድ እንዳይመስሉ፤ ቀለብ በቤት የሚበላ፣ በወር የሚሰፈር ነው፤ ስንቅ ግን ለመንገድ የሚያዝ ነው፤ ስለዚህ የማይበላሽና እሳት የማይፈልግ መሆን አለበት። እኛ በሶ፣ ተምርና አማቴ የጋገሩትን ሕምባሻ ያዝን። ስኳርና ጨውም አልረሳንም፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ተቅማጥ ወይም ሐሩር ላደከመው ልጅ የታወቀ መድኀኒት ነው። ልጁ ግን ቃሉ ከተዘባረቀ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለና ላቡ ከቆመ በቤት መድኀኒት መዘግየት አይገባም፤ ጥላ ሥር አስተኝቶ ሰውነቱን በውሃ እያራሱ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ጫማ ደግሞ የተሸፈነ ይሁን፤ ሌሊት ወጥቶ ካደረ ጠዋት ሳይራገፍ እንዳይጫማ፤ ጊንጥ በዚያ አገር ብዙ ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። አማቴን ደስ ያሰኛቸው በየመንደሩ ዳር፣ በዳስ ጥላ ሥር፣ ለመንገደኛ ሁሉ ተሞልቶ የሚቀመጠው ዚር የሚባለው የሸክላ ጋን ነበር። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የጠማው ቀድቶ ይጠጣል። ሁለት ቦታ ላይ ሾፌሩን አስቁመው ከጀሪካናቸው ጨመሩበት። ስለዚህም ነገር ማንም አልጠየቃቸው፤ እሳቸውም አላብራሩም።

በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሸንዲ ተነሣን። ስንደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር፤ አሸዋው ግራጫ ሆኖ ቈየና ጮራው ሲመታው እንደ በሰለ ብርቱካን ቀላ። በበሩ የመግቢያውን ዋጋ ከፍለን ገባን፤ ግመል የሚያከራዩና ትንንሽ የሸክላ ፒራሚድ የሚሸጡ ሰዎች ቀድመውን ቆመዋል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ሮጡ። ጠዋት አሸዋው እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ይህን ማንም አልነገራቸውም ነበርና ጮኹ። ወንዱ ልጅ ከክምሩ ጫፍ እስከ ታች እየተንከባለለ 7 ጊዜ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ መቍጠር ተውሁ። ልጅቱ ግን ከአንድ ፒራሚድ ግድግዳ አጠገብ ተንበርክካ ነፋሱ አሸዋውን እንዴት እንደሚያዘልለው ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

አማቴ በፒራሚዱ ጥላ ውስጥ ጀሪካናቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀመጡ። እኔ ላናግራቸው ስሄድ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በአሸዋው ውስጥ ቀብረው አገኘኋቸው። «ይህ ሌላ ነው» አሉኝ፤ «ያኛው መሬት ይይዝ ነበር፤ ይኼ ይለቅቃል።» ከዚህ ሌላ ስለዚያ ጉዞ የተናገሩት ነገር አላስታውስም።

4 ሰዓት ሲሆን ተነሡ አሉ። ብርሃኑ ለፎቶግራፍ ገና የተመቸ ስለ መሰለኝ ግማሽ ሰዓት እንድንጨምር ለመንሁ። «የተባለው 4 ሰዓት ነው፤ ውሃውም በተባለው ልክ ሄዷል» ብለው እምቢ አሉኝ። ወደ ሸንዲ ስንመለስ በመንገድ ላይ አንዱ ጐማ ፈነዳ፤ መለወጫው ደግሞ ነፋስ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ይህን አስቀድሞ ማየት የእኔ ድርሻ ነበር፤ በሁለት ገጽ ዝርዝሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ግን አላየሁትም። እርዳታ እስኪመጣ 2 ሰዓት ተኩል በጠራራ ፀሐይ ቈየን። አራተኛው ጀሪካን የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። አማቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ውሃውን በኩባያ እየለኩ በመጀመሪያ ለልጆቹ፣ ቀጥሎ ለሾፌሩ፣ በመጨረሻ ለእኔ ሰጡኝ።

ወደ ገዳሪፍ በሰላም ተመለስን። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አልሞላም፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም.፣ የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ በካርቱም በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኀይል መካከል ጦርነት ተጀመረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ውጥረቱ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ያ ሁለተኛው ሜሮዌ፣ የግድቡ ከተማ ነበር፤ ወሬውን በሬድዮ ስንሰማ ልጄ «የእኛው ነው?» ብላ ደነገጠች። አይደለም አልኋት። ገዳሪፍ ከካርቱም በሚሸሹ ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ሞላች። በመጀመሪያው ቀን ያሳደሩን ዘመዶቻችንም ከነልጆቻቸው መጥተው እኛ ዘንድ አደሩ።

በግንቦት ወር ቤተ ሰቦቻችንን ወደ አገር ቤት እንድንሸኝ ተወሰነ። ማታ እኔ ምን እንደምይዝ ግራ ገብቶኝ ስቀመጥ ባለቤቴ ከመሳቢያ ውስጥ የጥሩን ዝርዝር አወጣች። አንድም ነገር መለወጥ አላስፈለገም ማለት ይቻላል፤ አራት ጀሪካን፣ በሶ፣ ተምር፣ ስኳርና ጨው፣ የተሸፈነ ጫማ፣ በቀን ከ6 ሰዓት ያልበለጠ መንገድ፣ አስቀድሞ የታወቀ ማደሪያ። «ፎቶግራፍ ማንሻ» የሚለው ብቻ ተሰረዘ፤ በቦታው «የልጆች የትምህርት ወረቀት» ተብሎ ተጻፈ። መለወጫውን ጐማ በገዛ እጄ ነፋሁት። አማቴ እግራቸውን በጀሪካኑ ላይ አሳርፈው እስከ ገላባት ሄዱ፤ ድንበሩን ተሻግረው መተማ ሲደርሱ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ጀሪካናቸውን ከፈቱ። በዚያ ቀን መቼ እንደሚደርሱና የት እንደሚያድሩ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ያንን መንገድ ለቤተ ሰብ ጉብኝት እመክራለሁ ለማለት አልደፍርም። ዋድ መዳኒ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ. ም. በፈጥኖ ደራሹ ኀይል እጅ ወድቃ፣ የሱዳን ጦር እንደ ገና የያዛት ጥር 3 ቀን 2017 ዓ. ም. ነው። እንዲህ ያለ ውጊያ ባለፈበት መንገድ ዳር ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ሊቀር ይችላል፤ ሐኪም ቤቱም እንደ ቀድሞው አይገኝም። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት፣ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ከጐማና ከቤንዚን በፊት እነዚህን ሁለቱን፣ የመንገዱን መጠረግና የሐኪም ቤቱን መከፈት፣ ይጠይቅ።

ልጄ አሁን አድጋለች፤ ጥር በገባ ቍጥር ግን መጠየቋን አልተወችም። እኔም መልሱን ለአያትዋ መተው ለምጃለሁ። ባለፈው ጥር አማቴ «መንገዱ ይጥራ እንጂ አሸዋው የትም አይሄድ» አሏት።

«አያዬ፣ አሸዋው እኮ ይሄዳል» አለች ልጅቱ።